የአክስቴ ሻንጣና የአሜሪካ ቴምብር

ባለፈው ሰሞን ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ ሐዋሳ ወርጄ ነበር። የአባቴ ታናሽ እህት ስልክ ደውለው፣ «አንድ ዕቃ ልሸጥ ነው፤ ገዢው ውል እንፈራረም ብሎኛል፤ የሕግ ሰው በቤታችን እያለ ባዳ አላስቸግርም፤ እባክህ ልጄ ብቅ በል» ስላሉኝ ነው የሄድኩት። እኔ ቤት ወይም መሬት መስሎኝ መንገዱን ሁሉ ስለ ካርታና ስለ ውክልና ሳስብ ደረስኩ።

ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ቡናው ተጠጥቶ ካበቃ በኋላ አክስቴ ከአልጋ ሥር አንድ አሮጌ የቆርቆሮ ሻንጣ አስወጡ። ውስጡ በሲባጎ የታሰሩ ደብዳቤዎች ሞልተውበታል። ሟቹ ባለቤታቸው፣ እኔ ጋሼ እያልኩ ያደግኩባቸው ሰው፣ አስተማሪ ነበሩ። ይርጋለም ሲያስተምሩ ከአንድ የሰላም ጓድ አሜሪካዊ አስተማሪ ጋር ወዳጅነት ገጥመው ነበርና፣ እሱ አገሩ ከገባም በኋላ ለዓመታት ተጻጽፈዋል። ሻንጣው የዚያ ወዳጅነት ማኅደር ነው።

አንዱን እስር ፈትቼ ሳየው ግን ደነገጥኩ። ከፖስታዎቹ ቀኝ ማዕዘን ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይታያል። የአሥራ አምስት ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ቴምብሮቹን በመቀስ ቆርጦ በላስቲክ ከረጢት አጠራቅሟቸዋል። ልጁን ያዘዘው ደላላው ነው። ደላላው በስልኩ የአንድ አሜሪካ ቴምብር ፎቶ አሳይቷቸው፣ «ይህች አንዷ በሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች፤ እናንተም ቤት አይጠፋም» ብሏቸዋል። ለጊዜው የሚፈልገው 40 ሺሕ ብር ብቻ ነው፤ «ለማስመርመሪያ»። ቀሪው ከሽያጩ በኋላ እኩል ይካፈላሉ። እኔ የተጠራሁት ለዚህ ውል ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ በሙያዬ የማውቀው ቴምብር የቴምብር ቀረጡን ነው። የፖስታ ቴምብር ለእኔ ልጅነቴን የሚያስታውስ ባለቀለም ወረቀት ከመሆን አያልፍም ነበር። ያ ሻንጣ ግን ጉዳዩን እንድመረምረው አስገደደኝ። ስመረምረውም ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ተረዳሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ አሠራሩ ተለውጦ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ከወጣ ወዲህ፣ «ዶላር የሚያወጣ» የተባለ ነገር ሁሉ ፈላጊው በዝቷል። የጥንት ሳንቲም፣ የጥንት ብር፣ የጥንት ቴምብር ይገዛል የሚለው ወሬ በቴሌግራሙም በቲክቶኩም ይዘዋወራል። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ እናንሳ። ወሬው ምን ያህል እውነት አለው? እኛስ በሻንጣችን ውስጥ ያለውን ነገር እናውቀዋለን?

ወሬው ከየት መጣ?

ውሸት ሲዋጣለት እውነት ለብሶ ነው። በሚሊዮን ዶላር የሚሸጥ የአሜሪካ ቴምብር መኖሩ እውነት ነው። ደላላው በስልኩ ያሳየው የቤንጃሚን ፍራንክሊን ምስል ያለበት የአንድ ሳንቲም ቴምብር እ.ኤ.አ. በ1868 የወጣና ሰብሳቢዎች «ዜድ ግሪል» የሚሉት ነው። እስካሁን መኖራቸው የታወቀው ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ንብረት ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ኒው ዮርክ ላይ በጨረታ ወደ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል።

ሌላው ዝነኛ ቴምብር እ.ኤ.አ. በ1918 ለአየር ፖስታ የታተመው የ24 ሳንቲም ቴምብር ነው። መሐሉ ላይ ያለው አውሮፕላን በሕትመት ስህተት ተገልብጦ ወጣ። ዊሊያም ሮቢ የተባለ ሰው ዋሽንግተን ውስጥ ከፖስታ ቤት መስኮት መቶ ቴምብር የያዘ አንድ ሉህ በ24 ዶላር ገዝቶ፣ ሳምንት ሳይሞላው በ15 ሺሕ ዶላር ሸጠው። ከእነዚያ መቶዎች አንዱ ብቻውን እ.ኤ.አ. በ2023 ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። ከአሜሪካ ውጭም እ.ኤ.አ. በ1856 የታተመችው የብሪትሽ ጊያና ባለ አንድ ሳንቲም ቴምብር በ2014 ወደ 9.5 ሚሊዮን ዶላር ተሽጣለች።

እንግዲህ የደላላው እውነት እዚህ ላይ ያበቃል። ዜድ ግሪልን ዜድ ግሪል ያደረገው የፍራንክሊን መልክ አይደለም። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ፖስታ ቤት ሰው ያገለገለ ቴምብር እያጠበ ደግሞ እንዳይለጥፍ፣ ወረቀቱን በጥቃቅን ጉብጉብ ምልክቶች ይጫነው ነበር፤ ቀለሙ ወደ ውስጥ ሰርጎ እንዳይለቅ። ልዩነቱ ያለው በዚያ የጉብጉብታ ዓይነትና መጠን ላይ ነው። በስልክ ፎቶ የሚለይ ነገር አይደለም። የፍራንክሊን ምስል ያለበት የአንድ ሳንቲም ቴምብር ደግሞ በተለያዩ ዓመታት በቢሊዮን የሚቆጠር ታትሟል፤ ያን ይዞ ሚሊየነር የሚሆን የለም።

በልጁ ከረጢት ውስጥ በብዛት ያገኘሁት የፕሬዚዳንት ኬኔዲን መታሰቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣ የአምስት ሳንቲም ቴምብር ነው። ከዚህ ቴምብር የታተመው ከ500 ሚሊዮን በላይ ነው። አንድ ዕቃ ዋጋ የሚኖረው ጥቂት ሆኖ ፈላጊው ሲበዛ ነው፤ ያረጀ ሁሉ ውድ አይደለም። የዓለም የመጀመሪያው ባለ ማጣበቂያ የፖስታ ቴምብር፣ እ.ኤ.አ. በ1840 እንግሊዝ ያወጣችው «ፔኒ ብላክ»፣ ወደ 68 ሚሊዮን ስለታተመ ብቻ ዛሬም ተራው ቅጂ ከመቶ ዶላር ባነሰ ይገኛል። ከ180 ዓመት በላይ የሆነው እንዲህ ከሆነ የአክስቴ ኬኔዲዎች ምን ያህል እንደሚያወጡ መገመት አያዳግትም። ሁሉም ተደምረው የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ቢያወጡ ነው።

ይህን ስነግራቸው አክስቴ አልተከፉም። «ታዲያ እኔስ ነገሩ ቀልሎ ቀልሎ ገርሞኝ ነበር» አሉ። የከፋው የልጅ ልጃቸው ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ደላላው በማግስቱ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ንግግሩ ይጥማል። እኔም በጨዋ ደንብ፣ 40 ሺሕ ብሩ ለየትኛው መርማሪ ድርጅት እንደሚከፈል፣ ደረሰኙ በማን ስም እንደሚቆረጥ ጠየቅሁት፤ መታወቂያውንም እንድናይ አልኩት። መታወቂያውን መኪና ውስጥ ረስቶት ነበር። ሊያመጣ እንደወጣ ቀረ።

በዚህ ንግድ እውነተኛው አሠራር ምን እንደሚመስል አንባቢ ቢያውቀው ይጠቅማል። ውድ ቴምብር እውነተኛ መሆኑን መርምረው ምስክር ወረቀት የሚሰጡ ተቋማት አሉ። ኒው ዮርክ የሚገኘው ፊላቴሊክ ፋውንዴሽን አንዱ ነው። ክፍያው በቀጥታ ለተቋሙ ይፈጸማል፤ ደረሰኝ አለው። አጫራች ድርጅቶች ደግሞ ድርሻቸውን የሚወስዱት ከሽያጩ ዋጋ ላይ ነው። ገዢ ነኝ እያለ ከሻጭ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ግን ገዢ አይደለም። የሌለ ነገር አለ ብሎ አሳስቶ የሌላውን ገንዘብ መውሰድ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 የተደነገገው የአታላይነት ወንጀል ነው።

የባሰው አደጋ ግን ሌላው ነው። ገንዘብ የሚጠይቀው ደላላ ይታወቅበታል። የማይታወቀው ዕቃውን አይቶ፣ ዋጋውን አውቆ፣ ባለቤቱ አለማወቁንም አውቆ፣ «እማማ ለዚህ ቆሻሻ 500 ብር ልስጥዎት» የሚለው ነው። እዚህ ላይ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ብዙ ሰው የማያውቀው ድንጋጌ አለው። አንቀጽ 1710 በመጀመሪያ ንዑሱ፣ ውሉ አንደኛውን ወገን እጅግ ጠቅሟል በሚል ምክንያት ብቻ እንደማይፈርስ ይናገራል። ሻጭ በርካሽ ሸጥኩ ብሎ ሁልጊዜ ፍርድ ቤት ቢመጣ ገበያ አይቆምም። በሁለተኛው ንዑስ ግን፣ የተጎዳው ወገን ፈቃዱን የሰጠው በችግሩ፣ በየዋህነቱ፣ በእርጅናው ወይም ጉልህ በሆነ የንግድ ልምድ ማጣቱ ተጠቅመውበት ከሆነ፣ ፍትሕ ሲያስገድድ ውሉ ሊፈርስ እንደሚችል ደንግጓል። የአክስቴን ዓይነት ሴት አስቦ የተጻፈ ነው የሚመስለው።

ዳሩ ግን ሕጉ ጊዜም ወስኗል። በአንቀጽ 1810 መሠረት እንዲህ ያለውን ውል ለማፍረስ ክሱ መቅረብ ያለበት ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። አንድ አሮጌ ደብዳቤ ከአንድ ቤት በ500 ብር ወጥቶ፣ ውጭ አገር ተሸጦ፣ ዋጋው ተሰምቶ፣ ለባለቤቷ እስኪደርስ ሁለት ዓመት እንደ ዋዛ ያልፋል። ያውም ገዢው ማን እንደሆነ ከታወቀ ነው። መብት በወረቀት ላይ ቢኖርም ቀድሞ ማወቅን የሚተካ ነገር የለም።

የራሳችን ቴምብር

ወደ ሻንጣው ልመለስ። የአሜሪካውን ቴምብር ፍለጋ የተነሳው ደላላ ከእያንዳንዱ እስር ውስጥ የኢትዮጵያን ቴምብር እያነሳ ወደ ጎን ይጥለው እንደነበር ልጁ ነገረኝ። እኛ ሁልጊዜ ዋጋ ያለው የሰው አገር ዕቃ ይመስለናል። እስኪ የራሳችንን ታሪክ ለአፍታ እንየው።

ዳግማዊ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም የወሰኑት በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች ፓሪስ ታተሙ። ምስሉን የቀረጸው ስመ ጥሩው ፈረንሳዊ ኤዠን ሙሾን ነው። ዋጋቸው ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ ሲሆን፣ አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ ሦስቱ የይሁዳን አንበሳ ይዘዋል። ዘመኑን ልብ ይበሉልኝ። ምኒልክ የውጫሌን ውል ካፈረሱ ዓመት ገደማ ቢሆን ነው፤ ጣሊያን ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት እያለች ለአውሮፓ የምትናገርበት ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት የራስን ቴምብር በራስ ፊደል ማሳተም ማለት ወረቀት ማሳተም ብቻ አልነበረም። ከአድዋ በፊት የተጻፈ የሉዓላዊነት መግለጫ ነበር።

ሆኖም ኢትዮጵያ ያኔ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል አልነበረችም። አባል የሆነችው ከአድዋ ድል ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ የእኛ ቴምብር የሚያገለግለው በአገር ውስጥ ብቻ ነበር። ከሐረር ወይም ከእንጦጦ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ እስከ ባሕሩ ጠረፍ በኢትዮጵያ ቴምብር ይሄድና፣ ከዚያ ወዲያ ለመሻገር የፈረንሳይ ግዛት የነበረችው የጅቡቲ ቴምብር ይጨመርበታል። አንድ ፖስታ ላይ የሁለት መንግሥታት ቴምብር ጎን ለጎን ተለጥፎ፣ የሁለቱም ማኅተም ተመቶበት ይገኛል ማለት ነው።

አሁን የነገሩን ቁልፍ ልብ ይበሉ። ከእነዚያ የምኒልክ ቴምብሮች ያልተመታባቸው፣ ንጹሖቹ፣ ዛሬም በዓለም ገበያ በርካሽ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ ደብዳቤ ሳያደርሱ በቀጥታ ለሰብሳቢ የተሸጡ ናቸውና። ሰብሳቢ የሚሻማበት ግን በእውነት ደብዳቤ ተልኮበት፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ከነፖስታው የቆየው ነው። ያው ቴምብር ከፖስታው ሲቆረጥ ጥቂት ዶላር ነው፤ ከነፖስታው ግን ዋጋው እጅግ ከፍ ይላል።

ለምን? መልሱን ለእኔ ቢጤው የሕግ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከመዝገቡ የተገነጠለ ማስረጃ ምን ዋጋ አለው? ሰነድ የሚመዘነው ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ከየት ወደ ማን ሄደ፣ በማን እጅ አለፈ በሚለው ነው። ፖስታው ይህን ሁሉ ይናገራል። ላኪ አለ፣ ተቀባይ አለ፣ ቦታ አለ፣ ቀን አለ፣ የመንግሥት ማኅተም አለ። ቴምብሩ ብቻውን የሚናገረው ዋጋውን ነው። የፖስታ ማኅተሙ ደግሞ ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ፖስታው ላይ ስለሚያርፍ፣ በመቀስ የቆረጠ ሰው ቀኑን ለሁለት ከፈለው ማለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ በምኒልክ ቴምብሮች ላይ «ቦስታ»፣ «መልክት» የሚሉ ቃላት በማኅተም ተመትተው ነበር። ሰብሳቢዎች ስለሚፈልጓቸው አስመሳዮችም ሠርተዋቸዋል፤ የውሸቱ ብዙ ነው። ስለዚህ «ቦስታ» የሚል አገኘሁ ብሎ ቤት የሚሸጥም፣ ቤት ሸጦ የሚገዛም እንዳይኖር።

ከመቀሱ የተረፈው ደብዳቤ

በሻንጣው ግርጌ አንድ ፖስታ ነበር፤ ያልተቆረጠ፣ ያልተከፈተም። አሜሪካ ቴምብር ስለሌለበት መቀሱ አልነካውም። ቴምብሮቹ የእኛው ናቸው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ያለባቸው። ማኅተሙ «አዋሳ» ይላል፤ የታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ነው። ንጉሡ ከዙፋናቸው ከወረዱ ሦስት ወር አልፏቸዋል፤ ቴምብራቸው ግን ገና ሥራ ላይ ነበር። ጋሼ ወደ አሜሪካ ወዳጃቸው የላኩት ደብዳቤ ነው። ሰውዬው አድራሻ ቀይሮ ኖሮ፣ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ጣት የምትጠቁም እጅ ያለበት ማኅተም መትቶ ወደ ላኪው መልሶታል።

«ተመልሶ ሲመጣ ለምን አልከፈቱትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼህን አታውቀውም? ‹የጻፍኩትን አውቀዋለሁ፣ ምን ልከፍተው› ብሎ ወረወረው፤ እኔም አነሳሁት» አሉኝ።

ፊትና ጀርባውን ፎቶ ካነሳን በኋላ በቢላዋ ከላይ ጠርዙን ብቻ ቀደን ከፈትነው። በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ እያነበብኩ ተረጎምኩላቸው። ጋሼ የሚያወሩት ስለ ትምህርት ቤታቸው ነው። ከፍተኛ ክፍል ያሉት ተማሪዎች ሁሉ ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ሊሄዱ መሆኑን፣ ክፍሉ ባዶ ሊሆን መሆኑን፣ እሳቸውም ወደየት እንደሚመደቡ አለማወቃቸውን ጽፈዋል። ቀጥሎ አንድ አንቀጽ አለ። ሚስታቸው ከሦስት ቀን በፊት በሰላም ተገላግላ ሴት ልጅ እንደወለደች፣ ስም እንዳልወጣላት፣ እናቷን እንደምትመስል ይናገራል።

አክስቴ ዝም አሉ። ልጅቷ፣ የአሁኑ መቀስ የያዘው ልጅ እናት፣ አጠገባችን ተቀምጣ ነበር። የተወለደችበትን ቀን በእርግጥ የሚያውቅ በቤቱ አልነበረም። እናትየው «በዘመቻው ሰሞን» ይላሉ፤ መታወቂያዋ ላይ ያለው ቀን ደግሞ አንድ የቀበሌ ጸሐፊ የገመተው ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በወጉ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ የእሷ ዕድሜ ካለው ትውልድ ስንቱ ነው ልደቱን በግምት የሚያከብረው! ፍርድ ቤት ውስጥ ዕድሜ ለማስረዳት ሦስት ሽማግሌ ሲቆጠር ስንቴ አይቻለሁ። እዚህ ግን የአባት እጅ ጽሑፍ አለ፤ በላዩም ቀን የያዘ የመንግሥት ፖስታ ቤት ማኅተም አለ። ልጅቷ በሃምሳ ዓመቷ ልደቷን ያወቀችው ደላላው ከናቀው ፖስታ ነው።

ይህ ፖስታ በሰብሳቢዎች ገበያ ምን ያወጣል? ብዙ አያወጣም። እዚያ ቤት ውስጥ ግን ለማንም ዜድ ግሪል አይለወጥም። የተቆረጡት ሌሎቹ ፖስታዎች ምን ይነግሩን እንደነበር ማን ያውቃል? ውስጣቸው ያሉት ደብዳቤዎች ቀን ያልተጻፈባቸው ብዙዎች ናቸው፤ ቀናቸው ማኅተሙ ላይ ነበር።

ምን ይደረግ?

የሚቀርበውን ተቃውሞ አውቃለሁ። «ድሃ በታሪክ አይጠግብም፤ ንብረቱ የራሱ ነው፤ ይሽጥ» የሚል አለ። ትክክል ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የግል ንብረት መብትን ያረጋግጣል፤ መሸጥም የዚያው መብት አካል ነው። እኔም አትሽጡ አላልኩም። የቸገረው ሰው የአያቱን ደብዳቤ ሸጦ የልጁን ትምህርት ቤት ቢከፍል አልፈርድበትም። የምለው አውቃችሁ ሽጡ ነው፤ ሙሉውን ሽጡ ነው። ከሸጣችሁም ቢያንስ ፎቶውን አስቀሩ።

መሸጥ መብት ቢሆንም ወሰን ያለው መሆኑንም አንዘንጋ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅም ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል፤ ከአገር ለማስወጣት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ሕገ ወጥ የባህል ንብረት ዝውውርን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የዩኔስኮ ስምምነትም የፖስታ ቴምብርን፣ በነጠላም ሆነ በስብስብ፣ በስም ጠቅሶ ከባህል ንብረት ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። የአክስቴ ኬኔዲዎች ቅርስ ናቸው የሚል የለም። የምኒልክ ዘመን ደብዳቤ በሻንጣ ቦሌን ሲያልፍ ግን ጠያቂ ሊኖረው ይገባል።

ተቋማት የሉንም ማለት አንችልም። አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ባለው ዋናው ፖስታ ቤት የኢትዮጵያ ቴምብር ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚታይበት ሙዚየም አለ። ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አለ። ችግሩ ሁሉም አዲስ አበባ መሆናቸው ነው። ሐዋሳ ያለች አንዲት የ78 ዓመት ባልቴት ሻንጣዋን ይዛ ወዴት ትሂድ? ወደ እሷ የመጣው ደላላው ብቻ ነው።

የፖስታ ድርጅቱ በየክልሉ ከተማ ቅርንጫፍ አለው። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ከሙዚየሙ ባለሙያ ልኮ፣ «ያላችሁን አምጡና ምንነቱን እንንገራችሁ» የሚል ቀን ቢያዘጋጅ ምን ይጎዳዋል? ሰው ደብዳቤ ትቶ ቴሌግራም በያዘበት በዚህ ዘመን ፖስታ ቤት የሕዝቡን ትዝታ ጠባቂ ሆኖ አዲስ ወዳጅ ያፈራ ነበር። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም የታሪክ ተማሪዎቹን በየቤቱ ያሉ ደብዳቤዎችን በፎቶ እንዲያሰባስቡ ቢያሰማራ፣ ወረቀቱ ከባለቤቱ ሳይለይ ቅጂው ለምርምር ይቀመጣል። ገና ስድሳ ምናምን ዓመት የሆናት፣ ከአንድ ሰው ዕድሜ የማትበልጥ ከተማ ናት። የጽሑፍ ታሪኳ ትልቁ ክፍል ምናልባት በእንዲህ ያለ የቆርቆሮ ሻንጣ ውስጥ ነው ያለው።

እያንዳንዳችን ልናደርገው የምንችለው ደግሞ ቀላል ነው። ቴምብር ከፖስታ አትቁረጡ። ደብዳቤውን ከፖስታው አትለዩ። ከእርጥበትና ከፀሐይ አርቁ፤ በፕላስተር አትለጥፉ። ገዢ ሲመጣ ዋጋ ከመስማታችሁ በፊት ከሌላ ሁለት ሰው ጠይቁ። ገንዘብ አስቀድሞ የሚጠይቀውን ሰው መታወቂያውን ጠይቁት፤ ብዙዎቹ መኪና ውስጥ ይረሱታል።

ልሰናበት ስነሳ አክስቴ ሻንጣውን ወደ አልጋው ሥር አልመለሱትም፤ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጡት። ልጁ በበኩሉ የቆረጣቸውን ኬኔዲዎች መልሶ በየፖስታቸው ቀዳዳ ላይ ሊገጥም ሲሞክር ነበር። አንዳንዱ ገጠመለት፤ አብዛኛው ግን የየትኛው እንደነበር አልታወቀውም።

ቸር ይግጠመን!